የሚያስፈራ ድርሰት በቦታና በቋንቋ እንዴት ይሠራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ መልካም ነገር አሰምተውናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ስለ ፍርሃት ስለ ሆነ ለበዓል ቀን የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ቢሆንም ፍርሃት ያልገባበት ቤት የለም፤ ፎገራ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የሚያስፈራ ተረት ሰምቷል። ስለዚህ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን በትሕትና እንለምናለን።

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ «ጎቲክ» የሚባል አንድ ዐይነት ልብ ወለድ አለ። ሥራውም አንባቢውን ማስፈራት ነው። ይህን ዐይነት ድርሰት ስንመረምር ሁለት ጥያቄዎች ተነሡብን። አንደኛው፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ፊደል ሰውን እንዴት አድርጎ ያስፈራል? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህ ጥበብ በእኛ አገር አለን? ካለስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የሚለው ነው። ንግግራችንም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ተከትሎ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ጎቶች የሚባሉ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ410 ሮማን ወርረው ዘረፉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የኢጣልያ ሊቃውንት በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን ሹል ቅስትና ረጃጅም ግንብ ያለውን ሕንጻ በንቀት «የጎቶች ሥራ» ብለው ጠሩት። ቃሉም ከሕዝብ ወደ ሕንጻ፣ ከሕንጻ ወደ መጽሐፍ ተሸጋገረ። ሆራስ ዋልፖል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1764 «የኦትራንቶ ግንብ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። መጀመሪያ የራሱን ስም ደብቆ፣ ከጥንት የኢጣልያ ጽሑፍ የተተረጎመ ነው ብሎ አወጣው። መጽሐፉ ከተወደደለት በኋላ በሁለተኛው እትም ደራሲው እርሱ መሆኑን ገልጦ «ጎቲክ ታሪክ» የሚል ቃል ጨመረበት። በዚያ ታሪክ ውስጥ የመስፍኑ ልጅ በሠርጉ ቀን ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ እጅግ ትልቅ የራስ ቁር ወድቆበት ይሞታል።

ከዋልፖል በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። አን ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1794 ስለ ኡዶልፎ ግንብ ጻፈች። ሜሪ ሼሊ በ1818 «ፍራንከንስታይን»ን አወጣች። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1839 ስለ አሸር ቤት መፍረስ ጻፈ። ብራም ስቶከር ደግሞ በ1897 «ድራኩላ»ን አሳተመ። እዚህ ላይ በተለይ ለእኩዮቻችን አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ ስትጀምር ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበር። ጊዜው የ1816 በጋ ሲሆን፣ በኢንዶኔዢያ ታምቦራ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ1815 ከፈነዳ በኋላ የአውሮጳ አየር ተበላሽቶ በጋው እንደ ክረምት ሆኖ ነበር። በጄኔቭ ሐይቅ ዳር ተሰብስበው የነበሩት ወዳጆች ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣቸው እያንዳንዳቸው የሚያስፈራ ታሪክ ይጽፉ ዘንድ ባይረን የሚባለው ባለ ቅኔ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያም ቀን የማይረሳው መጽሐፍ ተጀመረ። እኛም የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው፤ ከቤት የማያስወጣ ዝናብም አላጣንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የጎቲክ ደራሲ ሰውን የሚያስፈራባቸው መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ ቦታና ቋንቋ።

ስለ ቦታ ስንናገር፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ቦታው ድርጊቱ የሚፈጸምበት መድረክ ብቻ አይደለም። እርሱ ራሱ እንደ አንድ ሰው ሆኖ በታሪኩ ውስጥ ይሠራል። ግንቡ አሮጌ ነው፤ በሩ ከውጭ ይቀረቀራል፤ ደረጃው ወዴት እንደሚወርድ አይታወቅም፤ መብራቱ ትንሽ ነው፤ ነፋስም ያጠፋዋል። የፖ ድርሰት ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። እንግዳው ገና ወደ ቤቱ ሲቀርብ፣ ቤቱ በአጠገቡ ባለው ጥቁር ኩሬ ውስጥ ተገልብጦ ይታየዋል። ከጣራው እስከ ታች የሚወርድ አንድ ቀጭን ስንጥቅም በግድግዳው ላይ ያያል። ደራሲው ስለ ስንጥቁ ብዙ አያወራም። በመጨረሻ ግን ቤቱ በዚያው ስንጥቅ ለሁለት ተከፍሎ በኩሬው ውስጥ ይሰጥማል። የቤቱ መፍረስ የቤተሰቡ መጥፋት ነው። አንባቢው ይህን ያወቀው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነበር፤ ማወቁን ግን አላወቀም።

ግንብ የሚያስፈራው ለምንድን ነው? እኛ እንደ መሰለን ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግንብ ያለፈውን ዘመን ይዞ ይቆያል፤ የሠሩት ሰዎች ሞተው እርሱ ቆሟል፤ በውስጡ የተደረገውንም ክፉ ነገር የሚያውቅ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ግንብ ይዘጋል፤ ሊጠብቅህ የተሠራው ግድግዳ መውጫ ይከለክልሃል። መጠጊያና ወኅኒ አንድ ሲሆኑ ሰው ይፈራል።

ይህን ስናነብ የራሳችን አገር ትዝ አለን። ከወረታ ተነሥተን በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ስንጓዝ፣ እንፍራዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሞ እናያለን። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597) እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ግንብ፣ ጎንደር ከመቈርቈሯ በፊት የነበረ ነው። ዛሬ ከፊሉ ፈርሶ ጣናን ቍልቍል እየተመለከተ ይኖራል። ጎንደርም ራሷ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከቈረቈሯት ወዲህ ብዙ አይታለች። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት፤ በ1888 ደርቡሾች ገብተው ዘረፏትና አቃጠሏት፤ በ1941 በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ተጣለባት። ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልፖል ከሐሳቡ የፈጠረውን ዐይነት ግንብ እኛ በአውቶቡስ መስኮት እናየዋለን።

ከዚህም በላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር ተቀምጦ ነበር። ጊዜው ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ የሚያነግሡበትና የሚሽሩበት፣ የዘመነ መሳፍንት መጀመሪያ ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ የተገደሉ ሰዎች አስከሬን ሳይቀበር በየመንገዱ ይጣል እንደ ነበር፣ ከመሸም በኋላ ጅቦች ወደ ከተማው እየገቡ ያንን ይበሉ እንደ ነበር ጽፏል። ራድክሊፍ ስለ ኡዶልፎ የጻፈችው ከዚህ መጽሐፍ በኋላ በአራተኛው ዓመት ነው። በለንደን ግን የልብ ወለዱን ግንብ በደስታ ሲያነቡ፣ ብሩስ ዐይቼ ተመለስሁ ያለውን ብዙዎች ተጠራጠሩት። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው የሚፈራው ነገሩ እውነት በመሆኑ ብቻ ሳይሆን በአነጋገሩም ጭምር መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ የእኛ የፎገራ ፍርሃት ከግንብ የተወለደ አይደለም። ፎገራ ሜዳ ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ርብና ጉማራ ሁለቱ ወንዞች እያቋረጡት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይመስላል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጋማ ቦታዎች ከሐይቁ ጋር አንድ ይሆናሉ፤ ትናንት በእግር የተሄደበት መንገድ ዛሬ ታንኳ ያሻዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ እጅግ በርትቶ ብዙ ቤተ ሰብ ከቀየው እንዳፈናቀለ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ማለዳ ማለዳ በሩዙ ማሳ ላይ ጉም ይተኛል፤ በዐሥር እርምጃ ላይ ያለ ሰው ላምም ሊመስል ይችላል፤ ዛፍም ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ በአውሮጳ መጽሐፍ ውስጥ ሰው የሚፈራው መውጫ ስለሌለው ነው። በፎገራ ግን የሚፈራው መግቢያ የሌለበት ስፍራ ስለሌለ ነው። ሜዳ ላይ የሚመጣውን የሚያግድ ግድግዳ የለም። ከጎጆው ውስጥ ሆኖ ጆሮውን የሚያቀና ሰው በእርሱና በሌሊቱ መካከል ያለው አንድ መዝጊያና አንድ ምድጃ ብቻ ነው። የእኛ ተረቶች ከድልድይ፣ ከመሻገሪያ፣ ከደንገሉ ዳርና ከበር አፍ የማይርቁት ለዚህ ይመስለናል።

ሁለተኛው መሣሪያ ቋንቋ ነው። ኤድመንድ በርክ የሚባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድን ነገር እጅግ አስፈሪ ለማድረግ ደብዘዝ ማለቱ ግድ ነው፤ አደጋውን በሙሉ ያየን እንደ ሆነ ፍርሃታችን ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ጎቲኮች ይህን ምክር በሥራ ላይ አዋሉት። በራድክሊፍ መጽሐፍ ውስጥ ኤሚሊ የምትባለው ልጅ በግንቡ ውስጥ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ አንድ ነገር ታገኛለች። ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፤ ወዲያው ራሷን ስታ ትወድቃለች። ምን እንዳየች ግን ደራሲዋ አትነግረንም። ብዙ መቶ ገጾች ካለፉ በኋላ በመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ብቻ ነገሩ በሰም የተሠራ ምስል መሆኑን ትገልጥልናለች። አንባቢው በእነዚያ ገጾች ሁሉ ውስጥ የፈራው ሰሙን ሳይሆን ዝምታውን ነበር። በሜሪ ሼሊም መጽሐፍ ውስጥ የተፈጠረው ፍጡር ስም የለውም። ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው፤ የተሠራው ስም አልወጣለትም። ስም የሌለውን ነገር እንዴት አድርገን እንጠራዋለን? እንዴትስ አድርገን እናባርረዋለን?

ይህን ጥበብ አማርኛችን ከጥንት ያውቀዋል። አባቶቻችን ክፉውን መንፈስ ሲያነሡ «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብለው ያልፉታል። በዚህ አነጋገር ነገሩ ተነሥቷል፤ ስሙ ግን አልተነሣም። ከዚህም ሌላ ቋንቋችን ለፍርሃት የሚመቹ አራት ነገሮች እንዳሉት አስተውለናል።

አንደኛ፣ በአማርኛ ግሥ በመጨረሻ ይመጣል። «ትናንት ሌሊት፣ ሁላችን ከተኛን በኋላ፣ በጓሮ በኩል ያለው መዝጊያ፣ ቀስ ብሎ...» ያልን እንደ ሆነ ሰሚው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ተከፈተ? ተዘጋ? ተንኳኳ? ተራኪው ዝም ባለ መጠን ፍርሃቱ ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ተራኪ «አሉ» ይላል። «አንድ ሰው ነበረ አሉ።» ያሉት እነማን ናቸው? አይታወቅም። ምስክሩ ስለ ተደበቀ ተሟግቶ ሊረታው የሚችል ሰው የለም። ስቶከር «ድራኩላ»ን በደብዳቤ፣ በዕለት ማስታወሻና በጋዜጣ ቍራጭ አስመስሎ የጻፈው አንባቢውን ለማሳመን ነው፤ የእኛ ተራኪ ግን ይህን ሁሉ ሥራ በአንዲት ቃል ይጨርሰዋል።

ሦስተኛ፣ «ኮሽ አለ» እንላለን። «ጓ አለ»፣ «ጭር አለ»፣ «ጸጥ አለ» እንላለን። ድምፁን ሰማን፤ ያሰማው ማን እንደ ሆነ ግን ቃሉ አይነግረንም።

አራተኛ፣ እጅግ የሚያስደንቀን አንዲት ፊደል ናት። «ነጋልን» ስንል ደስታ ነው፤ «መሸብን» ስንል ሥጋት ነው። «ዝናቡ ዘነበልን» የሚል ገበሬ ዘር ዘርቶ የሚጠባበቅ ነው፤ «ዝናቡ ዘነበብን» የሚለው ግን አዝመራው በአውድማ ላይ ያለ ነው። ሰማዩ አንድ ሰማይ፣ ውሃውም አንድ ውሃ ነው። መከራው ያለው በዚያች በ«ብ» ፊደል ውስጥ ነው። «መጣ» ቢሉን ማን? ብለን እንጠይቃለን፤ «መጣብን» ቢሉን ግን ሳንጠይቅ እንነሣለን።

ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ሲውል እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት፣ ልጆች ሳለን ከሰማናቸው ተረቶች አንዱን በአጭሩ እንናገር።

አንድ ሰው ከገበያ ሲመለስ መሸበት አሉ። ወንዙን ሲሻገር ከኋላው ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማ። ቆመ፤ እርሱም ቆመ። ሄደ፤ እርሱም ሄደ። ወደ ኋላው አልዞረም አሉ። ሜዳውን ሲያቋርጥ ሣሩ ከኋላው ኮሽ ይል ነበር። ከደጁ ደርሶ ሚስቱን ጠራ። ሚስቱም ኩራዝ ይዛ በሩን ከፈተች፤ ዐየችውና «ግቡ» አለች አሉ።

ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ልጆች «ከዚያስ?» ብለው ቢጠይቁ ተራኪው እሳቱን ይቈሰቍሳል እንጂ አይመልስም። እስቲ ምን እንዳደረገ እንመልከት። «እርሱም ቆመ» ሲል «እርሱ» ማን እንደ ሆነ አልተናገረም፤ ስም ሳይጠራ ተውላጠ ስም አስገባብን። በመጨረሻም ሚስቲቱ «ግባ» ብትለው ኖሮ ለአንድ ሰው ነው፤ ለአክብሮት ቢሆን «ይግባ» ወይም «ይግቡ» ባለች ነበር። «ግቡ» ያለችው ግን ለብዙ ነው። ደም የለም፤ ጥርስ የለም፤ የጮኸ የለም። አንዲት ፊደል ከ«ባ» ወደ «ቡ» ብትለወጥ የሰሚው ጠጕር ይቆማል። ይህን ተረት ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ብዙ ችግር የሚያጋጥመው ይመስለናል።

ውድ አድማጮቻችን ሆይ፤ እስከዚህ ድረስ ስለ ጥበቡ ተናግረናል። አሁን ደግሞ ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ እንናገራለን፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ነገር ይህ ነው።

ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1826 በታተመ ጽሑፏ ላይ ሁለት ዐይነት ፍርሃት መኖሩን ገልጣለች። አንደኛው ነፍስን የሚያነቃና የሚያሰፋ ነው፤ ሁለተኛው ነፍስን የሚያጨማድድና የሚያደርቅ ነው። የመጀመሪያው ከማይታወቅ ነገር ይመጣል፤ ሁለተኛው ዐይን ላይ ከሚጣል ክፉ ነገር ይመጣል። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምርበታለን። የፎገራው ተረት የአስፈሪውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ከሰውዬው ኋላ የሚሄደው ማንም አይደለም፤ ማንም ስላልሆነ ማንም አይጎዳበትም። ልጆቹ ፈርተው፣ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ተኝተው፣ ጧት ስቀው ይነሣሉ። ነገር ግን በዚያው ምድጃ ዳር፣ በዚያው «አሉ» በሚለው ቃል የሚነገር ሌላ ወሬ አለ። ይህኛው ባዶውን ቦታ አይተወውም፤ የጎረቤት ስም ያስገባበታል።

ሁላችንም እናውቀዋለን። በአማራ አገርና በሌሎችም የኢትዮጵያ ክፍሎች ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ቡዳ» ይባላል። በዐይኑ ይበላል ይሉታል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉታል። ማጭድህን የሠራልህ፣ ምጣድሽን የሠራችልሽ ሰው፣ መሸት ሲል በተረት ውስጥ አውሬ ይሆናል። በጎንደር ዙሪያ በዚህ ሙያ ሲኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ይህን ወሬ ለብዙ ትውልድ ተሸክመውታል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ወሬው አብሯቸው አልሄደም። እዚሁ ቀርቶ የሚያርፍበት ሌላ ደጅ ፈለገ።

ስሟን የማንጠራት አንዲት ሴት በአንድ መንደር ሸክላ እየሠራች ልጆቿን ታስተምራለች። ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር የጎረቤቷ ልጅ በድንገት ታመመ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ቃዠ። ጥቅምት በፎገራ የወባ ወራት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን አንድ ሰው «ትናንት ዐይታው ነበር አሉ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላስፈለገም። ልጁ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ደሙ ተመረመረ፤ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ወስዶ ዳነ። ዛሬ ኳስ ይጫወታል። ሴትዮዋ ግን እስካሁን ቡና አትጠራም፤ ልጇም በመንገድ ብቻዋን ትሄዳለች። ወባው በመድኃኒት ለቀቀ፤ «አሉ» የተባለው ግን አልለቀቀም።

እዚህ ላይ የቃሉን አሠራር አስተውሉ። «ዐይታው ነበር» ማለት በራሱ ምንም አይደለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። «አሉ» ሲጨመርበት ግን ምስክሩ ተደበቀ። የልጁ መታመም ሲከተለው ደግሞ ሰሚው ያልተነገረውን በራሱ ሞላው። ይህ ራድክሊፍ በመጋረጃው የሠራችው ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ በመጋረጃው ኋላ የነበረው ሰም ሲሆን፣ እዚህ ያለችው ግን ሰው ናት።

የጎቲክ ደራስያንም ከዚህ ጥፋት ንጹሓን አይደሉም። እንግሊዞች ክፉ መስፍንና ክፉ መነኵሴ ሲያሻቸው ወደ ኢጣልያና ወደ እስፓንያ ይሄዱ ነበር፤ ደም የሚመጠውንም ባላባት ከምሥራቅ አውሮጳ አመጡት። እንግዳውን ሰው ለአስፈሪነት መምረጥ ቀላል ነውና። ነገር ግን ከራሳቸው መካከል ይህን የተመለከተች አንዲት ደራሲ ነበረች። ጄን ኦስተን በ1817 መጨረሻ በወጣው «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው መጽሐፏ፣ የራድክሊፍን ድርሰት አብዝታ ያነበበች አንዲት ልጅ ታሳየናለች። ይህች ልጅ በእንግድነት ወደ አንድ አሮጌ ቤት ሄዳ፣ የቤቱን ጌታ ሚስቱን የገደለ ሰው ነው ብላ ትጠረጥረዋለች። ሴትዮዋ ግን የሞተችው በሕመም ነበር። ሰውዬውም መልካም ሰው አልነበረም፤ ኵሩና ገንዘብ ወዳድ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አልነበረም። ጄን ኦስተን ተረትን አታንብቡ አላለችም። በተረት ዐይን ጎረቤትን አትመልከቱ አለች እንጂ።

በአገራችንም ታሪክ በዚህ ወሬ ላይ የተነሡ ነበሩ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ሄደን፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባለውን ስፍራ እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከባሕር ማዶ የመጡ የሚስዮን ባለ እጆችንና የአገራችንን ሠራተኞች በአንድነት ሰብስበው መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ከጋፋት ወጥቶ እስከ መቅደላ ድረስ በሰው ጕልበት ተጎትቷል። ንጉሠ ነገሥቱ እሳትና ብረት ባሉበት ቦታ ያዩት ጅብ አልነበረም፤ ሙያ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በኋላ፣ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በእጅ ስልክ ሳይቀር ከመንደር ወደ መንደር ይላካል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንዳንድ ሰዎች የሚያስፈራ ተረት ሁሉ ይቅር፤ ለልጅ አይነገር ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሰው ፍርሃት አለበት፤ ፍርሃቱንም የሚያኖርበት ቤት ያስፈልገዋል። መልካም ተረት እንዲህ ያለ ቤት ነው። ልጅ በእናቱ ጕያ ሆኖ የፈራ እንደ ሆነ፣ ፍርሃት መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው ይማራል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን መምህራንም ቃልን መርምረን እንድንቀበል አስተምረውናል እንጂ እንድንጠላ አላስተማሩንም። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በዚህ ክረምት እናቶቻችንንና አያቶቻችንን ጠይቀን የሜዳውን፣ የርብንና የጉማራን፣ የሐይቁን ዳር ተረቶች በደብተር እንጻፋቸው። መብራት በገባበት ቤት ምድጃ ዳር መቀመጥ እየቀረ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ያልተጻፈ ነገ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ለመጻፍ የምንሞክር ሁሉ ግንብን ከባሕር ማዶ አንዋስ። ጉም፣ ደንገል፣ መሻገሪያና በር አሉን፤ «አሉ» እና «መጣብን» የሚሉ ቃላትም አሉን። ደም በማብዛት ሳይሆን በመቈጠብ እናስፈራ።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። «አሉ» የሚል ቃል በሰማን ቍጥር፣ ከቃሉ በኋላ የሚመጣው የሰው ስም መሆኑን ወይም አለመሆኑን እንመርምር። ስም ከሌለው ተረት ነውና ተጠጋግተን እንስማ። የጎረቤት ስም ካለው ግን ተረት አይደለም፤ «ማን ነው ያለው?» ብለን እንጠይቅ። በጨዋታ ጊዜ ይህ ጥያቄ ጨዋታን ያበላሻል፤ በሐሜት ጊዜ ግን ሰውን ያድናል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እናንተ ያስፈራራችሁን ተረት ዛሬ ለመናገር ያበቃን ቋንቋ ሆኖልናል፤ ስለዚህ እናመሰግናችኋለን። ሸክላ ሠሪዋም ልጇን ይዛ ወደ ቡናችሁ ስትመጣ፣ በሩን ከፍታችሁ «ግቡ» በሏት። ያን ጊዜ ቃሉ የሚያስፈራ ሳይሆን የእንግዳ መቀበያ ይሆናል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።